ቁጥር ወደ ሕሙማን ክፍል የገባበት መንገድ

ተማሪ ሐኪሞች ቁጥር ማመዛዘንና ግራፍ ማንበብ ይከብዳቸዋል ሲባል፣ አብዛኛው ሰው ጥፋቱን የሚጥለው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ነው። ሒሳቡ በደንብ አልተያዘም፣ መሠረቱ ላልቷል ይባላል። ይህ ማብራሪያ የሚወደደው ቀላል ስለሆነ ነው እንጂ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ባሉ አራት ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለ60 ሰዎች አንድ አጭር ጥያቄ ቀረበ። 20ዎቹ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ 20ዎቹ በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች፣ 20ዎቹ ደግሞ ነባር ሐኪሞች ነበሩ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከ1,000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ፤ ምርመራው በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች 5 በመቶውን በስህተት «አለባችሁ» ይላል፤ ስለ ሕመምተኛው ሌላ ምንም የማይታወቅ ከሆነ፣ ምርመራው «አለበት» ያለው ሰው በእርግጥ በሽታው የመኖሩ ዕድል ስንት ነው? መልሱ 2 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያገኙት 11 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ 27ቱ 95 በመቶ ብለው መለሱ። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ያንኑ ዓይነት ጥያቄ እዚያው ሐርቫርድ ባለበት በቦስተን አካባቢ ለ61 ሰዎች አቅርቦ በትክክል የመለሱት 14 ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች በሒሳብ ፈተና ወድቀው የመጡ አይደሉም፤ ከአገሩ ተማሪ ሁሉ ተበጥረው የገቡ ናቸው። በኢትዮጵያም ወደ ሕክምና የሚመደቡት በብሔራዊ ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው፤ ሒሳብም ከፈተናዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ችግሩ የሒሳብ ማነስ ብቻ ከሆነ፣ ሒሳብ የሚችሉት ሰዎች ለምን ይሳሳታሉ የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል።

የምከራከርለት ሐሳብ ሌላ ነው። ቁጥርን ማመዛዘንና ግራፍን ማንበብ ለሐኪም ከትምህርት ቤት የተረፈ ዕውቀት ሳይሆን፣ ደረትን አዳምጦ የሳንባን ድምፅ እንደመለየት ያለ የሙያ ልማድ ነው። ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ፣ በእጅ እየተሠራ ይተላለፋል። ያለፉት 200 ዓመታት ሲታዩ፣ ሠልጣኞች የራሳቸውን ሕሙማን ራሳቸው በቆጠሩበት፣ መስመሩንም በገዛ እጃቸው ባሰመሩበት ቦታ ሁሉ ይህ ችሎታ ዳብሯል። ቁጥሩ ከአልጋው ተነጥሎ ወደ መማሪያ ክፍልና ወደ ታተመ ወረቀት ሲሄድ ደግሞ፣ ሒሳቡ እየረቀቀ ቢመጣም እንኳ ችሎታው ሳስቷል።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ከ1820ዎቹ ፓሪስ ጀምሮ ነው። ፒየር ሻርል አሌክሳንደር ሉዊ ለሰባት ዓመታት ያህል በሩሲያ ግዛት በሐኪምነት ሠርቷል፤ ኦዴሳ ላይ ዲፍቴሪያ ሕፃናትን ሲጨርስ አይቶ፣ የተማረው ሕክምና ምንም እንደማይፈይድ ተረድቶ ነበር የተመለሰው። ፓሪስ ከገባ በኋላ የግል ሕሙማን ማየቱን ትቶ ላ ሻሪቴ በተባለው ሆስፒታል ለዓመታት የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ታሪክ፣ የሞተ ሲኖርም የአስከሬን ምርመራውን ውጤት መመዝገብ ያዘ። የዘመኑ ዋና ሕክምና ደም ማፍሰስ ነበር። ፍራንሷ ብሩሴ የተባለው ስመ ጥር መምህር በሽታን ሁሉ ማለት ይቻላል ከጨጓራና ከአንጀት መቆጣት ጋር ያያይዝ ስለነበር አልቅት በየአልጋው ይታዘዝ ነበር፤ በ1833 ብቻ ፈረንሳይ ከ40 ሚሊዮን በላይ አልቅት ከውጭ አስገብታለች። በአገራችን ዋገምትን የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይገርመውም፤ የታመመ ደም ከወጣ ሰውዬው ይድናል የሚለው እምነት በብዙ ሕዝብ ዘንድ የኖረ ነው። ሉዊ ይህን እምነት በክርክር አልነካውም። በሳንባ ምች ከተያዙት ሕሙማን መዝገብ 77ቱን ወስዶ ደማቸው በፈሰሰበት ቀን ለሁለት ከፈላቸው። በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ውስጥ ደማቸው የፈሰሰው 41 ነበሩ፤ ከእነሱ 18ቱ ሞተዋል። ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን ባለው ጊዜ የፈሰሰላቸው 36 ነበሩ፤ የሞቱት 9 ናቸው። የዳኑት ደግሞ ቶሎ ደማቸው የፈሰሰው በአማካይ በ17.8 ቀን፣ ዘግይተው የፈሰሰላቸው በ20.8 ቀን ነው የተሻላቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአነባበብ ችሎታ የሚባለው ነገር በእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ሁሉም አለ። ሁለቱ ውጤቶች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይጎትታሉ። የቀኑን ብዛት ብቻ ያየ ሰው ቶሎ ማፍሰስ ይጠቅማል ይላል፤ ሦስት ቀን ያሳጥራልና። የሞቱን ብዛት ያየ ሰው ደግሞ 44 በመቶ ከ25 በመቶ ጋር አስተያይቶ ይጎዳል ይላል። ሁለቱንም አብሮ የያዘ አንባቢ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የተሰላው ከዳኑት ላይ ብቻ መሆኑን፣ ብዙ ሰው ከሞተበት ወገን የቀሩት ደግሞ ጠንካሮቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይጠይቃል። ሉዊ ራሱ የደረሰበት መደምደሚያ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፤ ደም ማፍሰስ የሚባልለትን ያህል ኃይል የለውም አለ። ጥናቱ በ1828 በመጽሔት፣ በ1835 ደግሞ በመጽሐፍ መልክ ወጣ።

ለእኔ ክርክር ከመጽሐፉ የበለጠ የሚጠቅመኝ በዙሪያው የተሰበሰቡት ወጣቶች ታሪክ ነው። በ1832 የሕክምና ምልከታ ማኅበር የተባለ ማኅበር ፓሪስ ውስጥ ተመሠረተ፤ ሉዊ መሪው ነበር። አባላቱ የመዘገቡትን ሕመምተኛ ታሪክ ያቀርባሉ፤ ባልንጀሮቻቸው ደግሞ የጎደለውን፣ ያልተቆጠረውን፣ ከማስረጃው በላይ የተባለውን እየነቀሱ ያወጣሉ። ከአሜሪካ የመጡት ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ፣ ሄንሪ ባውዲችና ዊልያም ገርሃርድ ከዚህ ትምህርት የተካፈሉ ናቸው። ገርሃርድ ወደ ፊላዴልፊያ ተመልሶ በ1836 ወረርሽኝ ሲነሣ የሕሙማኑን ምልክትና የአስከሬናቸውን ምርመራ አንድ በአንድ አስተያየ፤ በፓሪስ ሲያየው በኖረው ታይፎይድ የአንጀት ቁስል ሳይጠፋ፣ በዚህኛው ወረርሽኝ አለመኖሩን አረጋግጦ ታይፎይድና ታይፈስ ሁለት በሽታዎች መሆናቸውን በ1837 ጻፈ። እንግሊዛዊው ዊልያም ፋርም በወጣትነቱ የሉዊን ትምህርት በፓሪስ ተከታትሏል፤ በኋላ በለንደን የልደትና የሞት መዝገብ መሥሪያ ቤት ገብቶ የአገሩን የሞት ስታቲስቲክስ ያቋቋመ እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ከፓሪስ የወሰዱት ቀመር አልነበረም። ሉዊ የሚያውቀው ሒሳብ ከመደመርና ከማካፈል ብዙም አይዘልም ነበር። የወሰዱት «ስንቱ? ከስንቱ መካከል?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው።

ተቃውሞው ወዲያው መጣ፤ የተናቀ ተቃውሞም አልነበረም። በ1837 በፓሪስ የሕክምና አካዳሚ ፊት የሞንፔሊዬው ፕሮፌሰር ሪሱኤኞ ዳማዶር ቁጥርን በሕክምና ላይ ማዋልን አጥብቆ ነቀፈ። ሐኪም የሚያክመው አማካይ ሰው የለም፤ ፊቱ የተኛው ይህ ሰው ነው፤ ከመቶ ሰባው ይድናል ማለት ለዚህ ሰው ምንም አይነግረውም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ይህ ተቃውሞ ዛሬም በየሆስፒታሉ ራውንድ ላይ በሌላ ቃል ይሰማል። ከፊሉ እውነት ነው፤ መቶኛው የግለሰቡን ዕጣ አይወስንም። ነገር ግን ቁጥሩን ንቆ የተነሣ ሐኪም ያለ ንጽጽር አይሠራም፤ ትዝ ከሚሉት ሁለት ሦስት ሕሙማን ጋር እያስተያየ ነው የሚሠራው። ትዝታ ደግሞ የዳነውን አጉልቶ የሞተውን ያደበዝዛል። ደም ማፍሰስ ለዘመናት የኖረው ሐኪሞች ግለሰቡን ስላልተመለከቱ አይደለም፤ ግለሰብ ብቻ ስለተመለከቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን መጣ፤ በዚህኛው ውስጥ ለክርክሬ ትልቅ ማስረጃ አለ። ጁል ጋቫሬ የፖሊቴክኒክ ተማሪ የነበረ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና የተሻገረ ሰው ነው። በ1840 ባሳተመው የሕክምና ስታቲስቲክስ መጽሐፍ የሉዊን ቁጥሮች በዕድል ስሌት (ፕሮባቢሊቲ) ፈተናቸው። ሉዊ ስለ ታይፎይድ ከመዘገባቸው 140 ሕሙማን 52ቱ ሞተዋል፤ 37 በመቶ መሆኑ ነው። ጋቫሬ ሲያሰላው፣ በ140 ሰው ላይ ብቻ ቆሞ እውነተኛው የሞት መጠን ከ26 እስከ 49 በመቶ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። በሒሳቡ ጋቫሬ ትክክል ነበር፤ ዛሬ በየምርምር ጽሑፉ የምናየው የስህተት ክልል ያኔ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ሆኖም የጋቫሬ መጽሐፍ ሕሙማን በሚያዩ ሐኪሞች ዘንድ ሰፊ ተከታይ አላፈራም፤ እሱም ፊዚክስ አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ያነሰ ሒሳብ የነበረው ሉዊ አንድ ትውልድ ቀረጸ፤ የበለጠ ሒሳብ የነበረው ጋቫሬ ግን ሳይቀርጽ ቀረ። ምክንያቱን የማየው ሥራው በሚሠራበት ቦታ ነው፤ የአንዱ ትምህርት ከአልጋው አጠገብ በሠልጣኙ እጅ ይሠራ ነበር፣ የሌላው በመጽሐፍ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ሕክምና ምናልባት መቶ ዓመት ያተርፍ ነበር።

ከፓሪስ በኋላ ቁጥሩ መስመር ሆኖ የወጣው በጀርመን አገር ነው። በርሊን ላይ ሉድቪግ ትራውበ የሙቀትን መውጣትና መውረድ በግራፍ ማስፈር ጀመረ፤ ላይፕዚግ ላይ ካርል ቩንደርሊሕ ልማዱን ወደ ሆስፒታሉ ሁሉ አስፋፋው። ቩንደርሊሕ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ የ25,000 ያህል ሕሙማንን ሙቀት መሠረት አድርጓል። የዚያን ጊዜው ቴርሞሜትር 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ብብት ውስጥ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆየት ያለበት ነበር። ሙቀት መለካት ማለት አልጋው አጠገብ መቀመጥ ማለት ነበር። የተገኘው ቁጥር በሰዓቱ ቻርቱ ላይ ነጥብ ሆኖ ይሰፍራል፤ ነጥቡ ከትናንቱ ነጥብ ጋር በመስመር ይያያዛል። እንዲህ ሲጠራቀም በሽታዎቹ መልክ አወጡ። ታይፎይድ ማታ ማታ ከፍ፣ ጧት ጧት ትንሽ ዝቅ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ወባ አንድ ቀን እየዘለለ ይነሣል። የሳንባ ምች ለቀናት ከላይ ቆይቶ በአንድ ሌሊት ቁልቁል ይወርዳል። ግርሻ ደግሞ ለቀናት ነድዶ ይበርዳል፣ ሰውዬው ዳንኩ ሲል ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይነሣል።

ግርሻን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ በኢትዮጵያ ከሌላው ዓለም ይልቅ ረጅም ጊዜ ኖሯል፤ አዲስ አበባ ላይ 62 ሕሙማን በቅርብ ተከታትሎ የተጻፈ ጥናት በ1970 ወጥቶ በመስኩ የታወቀ ሆኗል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲሰጥ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕመምተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱ ከነበረበት በላይ ይተኮሳል፣ ከዚያ ላብ ያጠምቀውና ሙቀቱም የደም ግፊቱም ይወርዳል። አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። ቻርቱን ላይ ላዩን የሚያነብ ጀማሪ፣ መስመሩ ሲወጣ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደነግጣል፤ ሲወርድ ተገላገልኩ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም ስህተት ነው። ሙቀቱ ሲወርድ የደም ግፊቱ መስመር አብሮ መውረዱን ማየት ያለበት ያኔ ነው። ይህን ከስታቲስቲክስ ክፍል ማንም አይማረውም፤ በየሩብ ሰዓቱ እየለካ ሁለቱን መስመር ጎን ለጎን ያሰመረ ሰው ግን አይረሳውም።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ቁጥሩን ከፍ አደረገው፤ ከአልጋው ግን አራቀው። በ1937 ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ለሐኪሞች የስታቲስቲክስ መርሖችን በላንሴት መጽሔት በተከታታይ ጻፈ፤ በ1948 ደግሞ እሱ ንድፉን ያወጣለት የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ታተመ። 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4ቱ፣ አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ ከተሰጣቸው 52 ሰዎች 14ቱ ሞቱ። ሉዊ የሚመኘው ጋቫሬም የሚቀበለው ሥራ ይህ ነበር፤ ታላቅነቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሂል ሐኪም አልነበረም፤ በወጣትነቱ ነቀርሳ ይዞት ሕክምና የመማር ሐሳቡን አስቀርቶበታል። ከእሱ በኋላ ቁጥር የባለሙያ ድርሻ ሆነ፤ ለተማሪ ሐኪም ደግሞ ሕሙማን ሳያይ በፊት ተምሮት፣ ተፈትኖበት፣ የሚያልፈው ኮርስ። ሙቀት መለካቱና ቻርት መሙላቱ ወደ ነርሷ ሄደ። በዚህ መልክ ቁጥር የሚያሰላው፣ መስመር የሚያሰምረውና ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሆኑ። ውጤቱ በ2007 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በወጣ ጥናት ይታያል፤ በኮነቲከት 277 የውስጥ ደዌ ሬዚደንቶች ተፈትነው በአማካይ ያገኙት 41.4 በመቶ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሕሙማን ከጊዜ ጋር ምን ያህሉ በሕይወት እንደሚቆዩ የሚያሳየውን፣ በነቀርሳና በካንሰር ጽሑፎች ሁሉ የማይጠፋውን የካፕላን ማየር ትንታኔ የሚመለከት ነበር፤ በትክክል የተረጎሙት ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ስታቲስቲክስ መረዳት አስፈላጊ ነው ያሉት ግን 95 በመቶ ነበሩ። ፍላጎት አላነሰም ማለት ነው።

የጎደለው ምን እንደሆነ ጠቋሚ ማስረጃ ከጀርመን መጥቷል። በ1998 ኡልሪሕ ሆፍራገና ጌርድ ጊገሬንሰር ያን የሐርቫርዱን የሚመስሉ ጥያቄዎች ለ48 ሐኪሞች በሁለት መልክ አቀረቡ። በመቶኛ ሲጠየቁ በትክክል የመለሱት 10 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ያው ጥያቄ በሰው ቁጥር ሲቀርብ ወደ 46 በመቶ ከፍ አሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በዚህ መንገድ እንየው። 1,000 ሰዎች አሉ። አንዱ በሽታው አለበት፤ ምርመራው አገኘው እንበል። ከቀሩት 999 ጤነኞች 5 በመቶው፣ ማለትም 50 ያህሉ፣ በስህተት «አለባችሁ» ተብለዋል። እንግዲህ የምርመራ ወረቀት ይዘው በር ላይ የቆሙት 51 ናቸው፤ እውነተኛው ሕመምተኛ ከመካከላቸው አንዱ ነው። ቀመር አላስፈለገም። ይህ አቆጣጠር ሉዊ በላ ሻሪቴ ሲያደርገው ከነበረው አይለይም፤ ሰዎቹን በየወገናቸው አስቀምጦ መቁጠር ነው። ሐኪሙ መቶኛውን ሲያይ የሚጠፋበት የሒሳብ ችሎታው ሳይሆን ከቁጥሩ ጀርባ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

በዘመናችን ይህን ልማድ ከሁሉ በተሻለ የጠበቀው የወሊድ ክፍል ይመስለኛል። ኢማኑኤል ፍሪድማን በኒው ዮርክ ገና ሠልጣኝ ሐኪም ሳለ የማህፀን ጫፍ መከፈትን በሴንቲሜትር፣ ጊዜውን በሰዓት ወስዶ የምጥን አካሄድ በግራፍ አሰመረ፤ በ1954 የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 100 ሴቶችን፣ በቀጣዩ ዓመት 500 ሴቶችን የያዘ ጥናት አወጣ። በ1972 ደግሞ ፊልፖትና ካስል በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ በሐራሬ ሆስፒታል፣ ግራፉ ላይ ሁለት መስመሮች ጨመሩበት። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ መስመር ነው፤ በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር ይወጣል። ሁለተኛው ከእሱ አራት ሰዓት ወደ ቀኝ ርቆ የተሰመረ የእርምጃ መስመር ነው። የአራት ሰዓቱ ምክንያት መንገድ ነው፤ በዳር ክሊኒክ ያለች አዋላጅ ምጡ መዘግየቱን አይታ እናቲቱን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ጊዜ እንዲኖራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በታይላንድ በ8 ሆስፒታሎች 35,484 ወላዶችን ያካተተ ሙከራ አድርጎ በ1994 ሲያሳትም፣ ፓርቶግራፍ የሚባለው ይህ ግራፍ ከነመመሪያው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከ18 ሰዓት ያለፈ ምጥ ከ6.4 ወደ 3.4 በመቶ ወርዶ ተገኘ።

ወረቀቱ እኛም ጤና ጣቢያ ውስጥ ስላለ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። አንዲት እናት ከጧቱ 2 ሰዓት ስትመረመር የማህፀኗ ጫፍ 4 ሴንቲሜትር ተከፍቷል፤ ይህን የሚያሳየው የኤክስ ምልክት ማስጠንቀቂያ መስመሩ ላይ ያርፋል። ከአራት ሰዓት በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ 6 ሴንቲሜትር ሆነች። «ጨምሯል» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ደህና ነው። ግራፉ ላይ ግን ምልክቱ ከመስመሩ በስተቀኝ ይወድቃል፤ 6 ሴንቲሜትር ላይ መድረስ የነበረባት ከረፋዱ 4 ሰዓት ነውና ሁለት ሰዓት ዘግይታለች። በዚሁ ከቆየች ከቀኑ 8 ሰዓት የእርምጃ መስመሩን ትነካለች። ጤና ጣቢያው ከሆስፒታል ሁለት ሰዓት የሚርቅ ከሆነ አምቡላንስ የሚጠራው አሁን ነው። ይህን ምልክት በእጇ ያኖረች የሚድዋይፍ ተማሪ የግራፍን ተዳፋት ምንነት ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና የሳኒተሪያን ተማሪዎችን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ሲያሠለጥን፣ ትምህርቱን ከሥራው ቦታ ያልነጠለ መንገድ ነበር የተከተለው።

ከባዱ ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በእጅ ማስመር ያስተምራል ካልን፣ በየአገሩ ፓርቶግራፎች በግማሽ ተሞልተው የሚገኙት ለምንድን ነው? በአዲስ አበባ የመንግሥት ጤና ተቋማት የተደረጉ ጥናቶችም ብዙ ቅጾች በመመሪያው መሠረት እንዳልተሞሉ አሳይተዋል። ይባስ ብሎ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ለመዝገብ ሲባል የሚሞላ አለ፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ማስጠንቀቂያውን ሳይነካ ያልፋል። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ሙከራዎችን የሰበሰበው የኮክሬን ግምገማም ፓርቶግራፍ መጠቀም ብቻውን ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አላገኘም። ይህን አልሸሽገውም። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ የተሞላ ፓርቶግራፍ የተነበበ ግራፍ አይደለም፤ ምንም ውሳኔ አልተንጠለጠለበትም። ሉዊ ከሚሞቱና ከሚድኑ ሰዎች መካከል ሆኖ ነበር የሚቆጥረው፤ ቁጥሩ ነገ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል። ማስመር የሚያስተምረው የሚያሰምረው ሰው በመስመሩ ላይ ተመሥርቶ የመወሰን ወይም የመጥራት ሥልጣን ሲኖረው ነው። አንዲት ተረኛ አዋላጅ ብቻዋን ብዙ ወላዶችን እየተከታተለች፣ ጠርታም የሚመጣላት ሳይኖር፣ ቅጹን ለቁጥጥር ብቻ የምትሞላ ከሆነ፣ ጥፋቱን በግራፉ ወይም በእሷ ችሎታ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ማሽን ይሥራው የሚሉም አሉ። መሣሪያ መስመሩን ሲያሰምርልን ያየንበት ዘመን ግን አለ። የፅንስን የልብ ምት ሳያቋርጥ በወረቀት ላይ የሚያትመው መሣሪያ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ወሊድ ክፍሎች ሲገባ የተሰጠው ተስፋ ትልቅ ነበር። በ1985 የወጣውና ወደ 13,000 የሚጠጉ ወላዶችን ያካተተው የደብሊን ሙከራ የሕፃናት ሞት እንዳልቀነሰ አሳየ፤ የአራስ ሕፃናት መንቀጥቀጥ ቢቀንስም የአንጎል ጉዳት አልቀነሰም፤ ሙከራዎቹ በአንድ ላይ ሲታዩ ደግሞ በኦፕራሲዮን መውለድ ጨምሯል። አንዱን ወረቀት ሁለት ሐኪሞች አይተው የተለያየ ነገር ማለታቸውም የተለመደ ነው። ማሽኑ ያለ ድካም አሰመረ፤ ማንበቡ ግን ከሰው አልወረደም። እንዲያውም በገዛ እጅ ያልተሰመረን መስመር ማንበብ ከበደ።

የመጨረሻው ተቃውሞ መስመሩ ራሱ ስህተት ቢሆንስ የሚል ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር የሚለው መለኪያ ለብዙ ሴቶች የማይሠራ መሆኑን፣ ምጣቸው ከዚያ ቀስ ብሎም በደህና የሚወልዱ ብዙዎች መሆናቸውን ተቀበለ። ንቁ ምጥ የሚባለውም ከ4 ሳይሆን ከ5 ሴንቲሜትር ጀምሮ ሆነ። ይህ ለእኔ ክርክር ጉዳት አይደለም። የፍሪድማንን መስመር ሊጠራጠሩ የቻሉት በሌሎች አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ወላዶችን እንደገና መዝግበው ያሰመሩ ሰዎች ናቸው። በ2020 የወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች አስቀርቷል። በምትካቸው በየሴንቲሜትሩ ስንት ሰዓት ሲያልፍ ጥያቄ መነሣት እንዳለበት ያመለክታል፤ ከገደቡ ያለፈው ቁጥር እንዲከበብ ያዝዛል። ከሥሩ ደግሞ በፓርቶግራፉ ላይ ያልነበሩ ሁለት ረድፎች አሉት፤ ቁጥሩን የመዘገበው ሰው ያየውን ምን ብሎ እንደገመገመና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ እናቲቱንም አማክሮ፣ በዚያው ሰዓት የሚጽፍባቸው ናቸው።